የሶራዳ የእጅ ጽሕፈት

ሶራዳ ኢዋኦ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አርባ ስምንቱን የፈጀው አንድ ዓይነት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው። ሂሮሺማ፣ ካይታ የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ቆርቆሮዋ የዛገ ጋራዥ ነበረችው። ሰው መኪናውን በጭነት ከኦሳካ ድረስ ያመጣለታል። እሱ ግን ስልክ ሲያነሳ "ምን ሆነ?" ከማለት ያለፈ ቃል አይወጣውም። ኩሩ እንዳይመስላችሁ፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ነበር ቃል የሚያባክነው፤ ያችው አንዷ ጉድ ሠራችው።

ሞተሩ ሮታሪ የሚሉት ነው። እንደ ሌላው ፒስቶን ወደ ላይ ወደ ታች አይልም፤ ሆዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ከእርሳስ የቀጠኑ ብረቶች አሉ፤ ሶራዳ ፋሻ ይላቸዋል። ግድግዳውን እየላሱ ይዞራሉ፤ ከደረቁ ወይም ማረፊያቸው ውስጥ ከተጣበቁ ሞተሩ አለቀለት። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ላይ እየቀዳች ጠብ ጠብ ታደርግላቸዋለች፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነዳል። ሌላ ሞተር ዘይት ከጠጣ ታሟል ይባላል። ይኼኛው ካልጠጣ ነው የሚታመመው።

ታዲያ "ሞተር ያድሳል፣ ድምፅ ያለሰልሳል" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው፣ ዘይት ላይ የሚጨመረው መድኃኒት፣ ለዚህ ሞተር ይሆነዋል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዞ ጋራዡ ያልመጣ የሮታሪ ባለቤት የለም። የሶራዳም መልስ ምን ጊዜም አንድ ነበር፦ "ይነዳል። የሚነድ ነገር አመድ አለው። አመዱን የት ልታደርገው ነው?" ሁሉም መድኃኒት ገዳይ ነው አላለም። አንዳንዱ ምንም አያደርግም፤ አይጎዳም አይጠቅምም። ደቃቅ ዱቄት ያለበት ግን ይረጋል፣ የፓምፗን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ፋሻውን እንደ ሙጫ ያጣብቃል። "ዘይት ውስጥ ዘይት ጨምር" ብሎ ወደ ሥራው ይዞራል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ገጥሞ የጨረሰው ሞተር ላይ ትንሽ ካርድ ያስራል፤ የከፈተበትን ቀን፣ ያገኘውን፣ የቀየረውን በወፍራም ብዕር፣ ወደ ግራ በተጋደሙ ፊደሎቹ ይጽፍበታል። የሮታሪ ሰው ሁሉ ያችን ጽሕፈት ከሩቅ ያውቃታል። መኪና ሲሸጥ "የሶራዳ ካርድ አለው?" ተብሎ ይጠየቃል። ካለው ሌላ ጥያቄ የለም።

አሁን ወደ ሙትሱኦ ልምጣ። ሃማሳኪ ሙትሱኦና ሶራዳ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በአንድ ቀን ፋብሪካ የገቡ ናቸው። በአንድ የሠራተኞች ማደሪያ ተኝተዋል፣ ከአንድ ሳህን በልተዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ገና አዲስ ነው፤ ግድግዳው በፋሻው እየተቧጨረ ስላስቸገረ ፋብሪካው በሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አንድ ቀን ሶራዳ አንዱን ፋሻ ገልብጦ ገጠመው። ለስንት ወር የተለፋበት የሙከራ ሞተር በአሥር ደቂቃ ተሰባበረ። አለቆቹ መጥተው "የማን እጅ ነው?" ሲሉ ሶራዳ ከንፈሩ ተሳሰረ። ሙትሱኦ ከጎኑ ሆኖ "የእኔ ነው" አለ።

ለምን እንዲያ እንዳደረገ አንድም ቀን አላወሩም። ሶራዳ ያን ሰሞን አባቱ ሞተውበት እናቱን የሚጦር እሱ ብቻ ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ሙትሱኦን ከሞተር ክፍል አውጥተው መኪና ወደ መርከብ የሚጫንበት ወደብ ላይ መደቡት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት እዚያው ቆየ። ሞተር ዳግመኛ በእጁ አልነካም። ሶራዳ ደግሞ የሮታሪ እጅ ነው ተባለ፣ ስሙ ወጣ፣ በኋላም የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ለሶራዳ በዚህ ዓለም ከሚስቱ ከፉሚዬ ቀጥሎ ማጣት የማይችለው ሰው ቢኖር ሙትሱኦ ነበር።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ሙትሱኦ በሃምሳ አራት ዓመቱ ቤት ቀረ። ኩሬ ከተማ፣ በባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው ያለው፤ ነገር ግን ለወራት ፊቱ አልታየም። ኋላ አንድ የዘይት መድኃኒት አከፋፋይ ወኪል አደረገው። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ እዚያ አገር ሙቀቱ በሚበረታበትና ሰው ለባለውለታው ስጦታ በሚልክበት ወቅት፣ አንድ ካርቶን ወደ ጋራዧ መጣ። ቀይና ነጭ ገመድ የታተመበት የስጦታ ወረቀት ተለብጦበታል፣ የሙትሱኦ ስም በራሱ እጅ ተጽፎበታል። ውስጡ አሥር ጠርሙስ መድኃኒት።

ሶራዳ አንዱን ጠርሙስ እንኳ ሳያወጣ የካርቶኑ ጎን ላይ የተጻፈውን አነበበ። ዱቄት አለበት። ካርቶኑን ዘግቶ ላዩ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።

በዚያ አገር ልማድ ስጦታ በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ የምስጋና ካርድ ይጻፋል፤ ዝም ማለት ስድብ ነው። "ደርሶኛል" ብቻ ማለትም ያው ነው፤ ተጠቀምኩበት፣ ጠቀመኝ ማለት ያስፈልጋል። ሶራዳ ብዕሩን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ለሙትሱኦ ምን ይበለው? ሞተር ገዳይ ላክህልኝ? ከሥራ ተባሮ ገና አንገቱን ቀና ላደረገ ሰው፣ ያውም ለእሱ ሲል ሞተር ላጣ ሰው? ይሉኝታ ያዘው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "በላክህልኝ መድኃኒት የሞተሩ ድምፅ ለስልሷል፤ ሲነሳም አያስቸግርም። በሙቀቱ ጤናህን ጠብቅ።" ፉሚዬ በትከሻው ላይ አንብባ፣ መቼ ጨመርከው ብትለው፣ ለሰላምታ ያህል ነው አላት።

በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ካርቶን መጣ። ያለፈው ዓመት ጥሩ ነው ብሎ ዘንድሮ ምን ሊል ነው? ያችኑ ቃል መልሶ ጻፈ። ውሸት አንዴ ቤት ከገባች ወንበር አቅርቡልኝ ነው የምትለው። አሥራ ሁለት ሐምሌ አለፈ፤ አሥራ ሁለት ካርድ ተጻፈ። መደርደሪያውም ሞላ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ቶኩሞሪ የሚባል ደንበኛው መኪናውን በጭነት አስጭኖ መጣ። ቶኩሞሪ ባሕር ላይ ሥጋው የሚበላ ዛጎል የሚያረባ፣ እጁ በዛጎል ስለት የተቆራረጠ፣ አፉ ደግሞ ከዛጎሉ የሚብስ ሰው ነው። መኪናው ጠዋት ሲቀዘቅዝ አልነሳም ብሎታል። ሶራዳ መለኪያውን አስገብቶ ሲያየው ሞተሩ ትንፋሽ የለውም። ፈትቶ ሲያየው ፋሻዎቹ ማረፊያቸው ውስጥ በጥቁር አመድ ተለብጠው ተጣብቀዋል። ምን ጨመርክበት ቢለው ቶኩሞሪ ሳቀ።

"አቶ ሶራዳ፣ ለእኛ አመድ አመድ እያሉ ለራስዎ ግን ጥሩ አድርገው ያጠጡታል አሉ። እኛን ነው የሚያስፈራሩት?"

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለት። የመድኃኒቱ ማስታወቂያ ነው። መሐሉ ላይ የምስጋና ካርድ ፎቶ አለ። ወደ ግራ የተጋደሙ ወፍራም ፊደሎች፦ የሞተሩ ድምፅ ለስልሷል፤ ሲነሳም አያስቸግርም። ከሥሩ ደግሞ፣ ሶራዳ ኢዋኦ፣ ካይታ።

ሶራዳ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ጆሮው ጋለ። ቶኩሞሪ ቀልዱን ሊቀጥል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወው። ብቻ ቀስ ብሎ፣ የእርስዎን ጽሕፈት ባላይ ኖሮ ጠርሙሱን በእጄ አልነካም ነበር አለው። ይህን ያለው ለወቀሳ አልነበረም፤ ለዚህ ነው አጥንት የገባው።

በዚያ ወር ሌላ ሁለት መኪና በተመሳሳይ በሽታ መጣ። ሶራዳ ምግብ እየተወ ሄደ። ፉሚዬ ስትጠይቀው ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አላት፤ ሌላ አላለም። ሆዱ ግን ይናገር ነበር። ለሙትሱኦ ብቻ ብሎ የጻፈውን፣ የሁለት ወዳጆችን ወረቀት፣ ያው ሙትሱኦ ሳያስፈቅደው አደባባይ አውጥቶ ሸቀጠበት። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲል የኖረበትን ስም ጠርሙስ ላይ ለጠፈው። ጠላት ቢሆን ይገባዋል፤ ሙትሱኦ? ወንድሜ ያለው ሰው? ከነንዴቱም ፍርሃት ነበረበት፤ ዝም ካለ ሞተር ይሞታል፣ ከተናገረ ሙትሱኦን ያጣል። ሦስተኛ መንገድ ቢፈልግ አጣ።

በመጨረሻ ፉሚዬ ለሙትሱኦ ስልክ ደወለችና መኪናህን ለብርዱ ጊዜ ኢዋኦ ይይልህ ብላ ጠራችው። ሙትሱኦ በበነጋው እኩለ ቀን ላይ፣ የራሱን አሮጌ ሮታሪ እየነዳ መጣ። መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ስሎ ሞተሩ ጠፋ። ሙትሱኦ እየሳቀ ወረደ፤ እንደ እኔው አርጅቷል አለ። ለፉሚዬ የኩሬ ኬክ ይዞላት ነበር።

ሶራዳ ማስታወቂያውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሙትሱኦ አይቶ ፊቱ በራ። "አየኸው አይደል? አከፋፋዩ ከመቶ ሐኪም ምስክር የሶራዳ አንድ መስመር ይበልጣል ነው ያለኝ።"

"ሳትጠይቀኝ።"

"ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር? አንተ መመስገን አትወድም።" ከዚያ የሶራዳን ፊት አየና ሳቁን ቀነሰ። "ተቀየምክ እንዴ? ይቅርታ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቴ ነው።"

ሶራዳ የቶኩሞሪን ፋሻ ከጨርቅ ፈትቶ እጁ ላይ አኖረለት። መድኃኒቱ ያደረገውን ነገረው፤ ሦስት ሞተር ገድሏል አለው። ሙትሱኦ ብረቱን አገላብጦ አየው፤ የማያውቀውን ዕቃ እንደሚያይ ሰው። ሊገባው አልቻለም።

"በየዓመቱ ጻፍክልኝ እኮ፣ ኢዋ። ድምፁ ለሰለሰ አልክ። ሲነሳ አያስቸግርም አልክ።"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነው።"

"የትኛውን ዓመት?"

"ሁሉንም።"

ሙትሱኦ ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ባቡር አልፎ የጋራዡን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ከዚያ ሙትሱኦ፣ አንድ ጠርሙስ እንኳ አልከፈትክም? ብሎ ጠየቀ። የሶራዳ ዓይን ሳያስበው ወደ ላዩ መደርደሪያ ሄደ። የሙትሱኦም ዓይን ተከተለው። ካርቶኖቹ ተደርድረዋል፤ የስጦታ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ በእያንዳንዱ ላይ የራሱ ስም በራሱ እጅ ተጽፎበታል፣ አቧራ ጠጥተዋል። መሰላል ጎትቶ ወጣ። አንዱን አወረደና ጭኑ ላይ አድርጎ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገው።

"እኔ ሞተር አላውቅም" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ለምን እንደማላውቅ አንተ ታውቃለህ። ይኼን ነገር ሽጥ ሲሉኝ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያውን ካርቶን ለአንተ የላክሁት ለስጦታ ብቻ አይደለም። ለሚስቴ፣ ኢዋ አይሆንም ካለ እተወዋለሁ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ ብያት ነበር። ካርድህ ሲመጣ አብረን ነው ያነበብነው። አለቀሰች። በማግሥቱ ለራሴ መኪና ጨመርሁበት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ስጨምር።"

ሶራዳ ሊናገር ፈለገ። ከዚያ ከሞተር ክፍሉ ቀን ጀምሮ ሊለው የሚፈልገው ነገር ብዙ ነበር፤ ግን ያ ያኔ የተሳሰረ ከንፈር አሁንም ተሳሰረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሳይወጣ የቀረስ?

"ያኔ የእኔ እጅ ነው ያልሁት እውነቱ ጠፍቶኝ አይደለም" አለ ሙትሱኦ። "ዋሸሁ። ግን የከፈልሁት እኔ ነበርሁ። አንተ ስትዋሽ ደግሞ የከፈልሁት እኔው።"

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከላዩ ጣለበት። "የእኔንም ክፈተው" ብሎ በእግሩ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ። ፉሚዬ ሻይ ይዛ ስትመጣ ሙትሱኦ ሄዷል፤ ኬኩ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ሶራዳ የሙትሱኦን ሞተር አወረደና ፈታው። ብዙ ሞተር አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየም። የአሥራ ሁለት ዓመት አመድ እንደ ድስት ቅርፊት ተጋግሮ፣ ግድግዳው በጥፍር እንደተቧጨረ ጭረት በጭረት ሆኗል። ገና በወጣትነታቸው አብረው ሲያባርሩት የኖሩት ያ ጭረት ነው። እያንዳንዱን ፋሻ ሲነቅል ይሄ የአንደኛው ዓመት ካርዴ፣ ይሄ የሁለተኛው እያለ እንደሚቆጥር ነበር። ተከዳሁ ብሎ ሲንገበገብ የከረመው ሰውዬ፣ ፈረሱ ማን ወዳቂው ማን እንደሆነ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ታየው።

ግድግዳውን ካሉት ሁሉ ምርጥ በሆነው ቀየረው። ለራሱ መኪና ብሎ ያስቀመጣቸውን አዳዲስ ፋሻዎች አውጥቶ አስገባለት። ማታ ማታ ፉሚዬ እራት ይቀዘቅዛል ትለዋለች፤ አይሰማትም። ሲጨርስ ካርዱን ይዞ እንደዚያ ሐምሌ ብዙ ተቀመጠና ጻፈ፦ "የዘይት መድኃኒት አበላሸው። እንዲጨመር ያደረግሁት እኔ ነኝ።" ከሞተሩ ጋር አሰረው። እውነቱንም በትልቁ ጽፎ ጋራዡ በር ላይ ለጠፈ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለው ጽሕፈት የእኔ ነው፣ እውነት ግን አይደለም፣ መድኃኒቱን አንድም ቀን አልተጠቀምሁበትም። አንብቦ መኪናውን መልሶ የወሰደ ደንበኛ ነበር። ቶኩሞሪ ግን አንብቦ አናቱን አከከና፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍስ ልብ ይጠይቃል ብሎ መኪናውን ትቶ ሄደ።

የሙትሱኦን መኪና ጭነት መኪና መጥቶ ወሰደው። እሱ አልመጣም። ሶራዳ ደወለ፤ ሚስቱ አንስታ በጣም በትሕትና፣ ወጣ ብሏል አለችው። ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ ወጣ ብሏል። መድኃኒቱን መሸጥ ማቆሙን የሰማው ከሰው ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ የዓመት መጨረሻ ስጦታ በሚላክበት ጊዜ፣ ሶራዳ ከቶኩሞሪ የተመረጠ ዛጎል በበረዶ አሳሽጎ ወደ ኩሬ ላከ። የስጦታ ወረቀቱ ላይ ስሙን በራሱ እጅ ጻፈበት። አንድ ቀን ጠበቀ፣ ሁለት ቀን ጠበቀ። ፖስተኛው በመጣ ቁጥር ከሞተሩ ሥር ብቅ ይላል። ፉሚዬ እንዳታይበት ደግሞ መፍቻ የፈለገ ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ካርድ መጣ። ፉሚዬ እየሮጠች አመጣችለት፤ እጁ ዘይት ስለነበር እሷው አነበበችለት።

"የላክህልን ዛጎል ደርሶናል። ቤተሰቡ ሁሉ በደስታ በላው። በሠራህልኝ ሥራ የሞተሩ ድምፅ ለስልሷል፤ ሲነሳም አያስቸግርም። በብርዱ ጤናህን ጠብቅ። ሃማሳኪ ሙትሱኦ።"

"እሰይ" አለች ፉሚዬ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ይኸው፣ የልጆቼ አባት፣ ታረቃችሁ ማለት ነው። መኪናውም ደህና ሆኖለታል።"

ሶራዳ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ካርዱን ተቀበላት። የሞተሩ መስመር ቃል በቃል የራሱ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፎታልና በቃሉ ያውቀዋል። መኪናው ይነሳ፣ አይነሳ፤ ዛጎሉ ይበላ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት የሆነ ቦታ ይሰቀል፤ ከእንግዲህ በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም። ፉሚዬን አዎ አላት። ካርዱን ወስዶ ካርቶኖቹ ካሉበት መደርደሪያ ላይ አኖረውና ወደ ሥራው ተመለሰ።